«ለአባላት አሳውቅ»

የጎረቤታችንን ስም እዚህ አልጽፍም። አንድ ጊዜ ሊጻፍ በማይገባው ቦታ ጽፌው ምን እንዳመጣ አይቻለሁ። ሰፈሩ ሁሉ እትዬ ስለሚላቸው እኔም እትዬ እላቸዋለሁ።

ደብረ ብርሃን ውስጥ የምንኖርበት ሰፈር የቆየ ነው። የእኛንና የእትዬን ግቢ የሚለየው የቆርቆሮ አጥር አንድ ቦታ ላይ ዝቅ ያለ ስለሆነ ሰው ተደግፎ ያወራበታል። እናቴ በሕይወት ሳለች ከእትዬ ጋር ወሬያቸውን የሚጨርሱት እዚያ ነበር። እናቴ ካረፈች በኋላ እትዬ በዚያው በኩል እኔን መጠየቅ ያዙ፤ በላሽ ወይ፣ አባትሽ ገባ ወይ፣ ብርዱ እንዴት አሳደረሽ። ባለቤታቸው ከሞቱ ቆይተዋል። ያላቸው አንድ ልጅ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ከአዲስ አበባ ደሴ ይመላለሳል። አንኮበር ደግሞ አንድ ታናሽ ወንድም አላቸው። ወንድማቸው ቀድሞ እዚሁ ከተማ ይኖሩ ነበር፤ የአባታቸውን መሬት ለማረስ ወደ አገራቸው ቢመለሱም ከእድራችን አልወጡም።

የእድራችን ዳኛ አባቴ ነው። እኔ ደግሞ እዚሁ ከተማ ኮምፒውተር ተምሬ፣ ቤቴ ቁጭ ብዬ ለሆቴሎችና ለሱቆች ድረ ገጽ እሠራለሁ። የሱ ሥራና የኔ ሥራ አንድ ቀን መገናኘታቸው አይቀርም ነበር። አንድ እሑድ ከእድር ስብሰባ ሲመለስ ጋቢውን እንኳ ሳይጥል መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ።

«ጥሩንባው ከበሬሳ ወንዝ ወዲያ አይሰማም» አለኝ።

ምን ማለት እንደፈለገ ገባኝ። በሰፈራችን ሰው ሲሞት የእድሩ ጥሩንባ ነፊ በየመንገዱ እየዞረ ይነፋል፤ ቆም እያለም የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት ይናገራል። ግን ከአባላቱ ብዙዎቹ ከወንዙ ወዲያ፣ ወደ አዲሶቹ ሰፈሮች ሄደዋል፤ አዲስ አበባና ደብረ ሲና የገቡም አሉ። በዚያ ሰሞን አንዲት አባል ሲቀበሩ የገዛ አክስታቸው ልጅ ሳይሰሙ ቀርተው የደረሱት ሰልስቱ ካለፈ በኋላ ነበር። በስብሰባው ላይ ብዙ ቁጣ ተነስቷል።

«በስልክ የሚያደርስ ነገር ልትሠሪልን ትችያለሽ?»

«እችላለሁ» አልኩት። ቀላል ነገር መስሎኝ ነበር።

መጀመሪያ የሚታየውን ሠራሁ። አንድ ገጽ ላይ የሟች ሙሉ ስም፣ የቀብር ቦታና ሰዓት የሚጻፍባቸው ሳጥኖች፤ ከሥራቸው «ለአባላት አሳውቅ» የሚል አረንጓዴ ቁልፍ። አባቴ መነጽሩን አድርጎ ብዙ ቆይቶ አየው። ደስ አለው። ከዚያ ማውሱን ያዘና ቁልፉን ተጫነው። ቁልፉ ትንሽ ጠቆር ብሎ ወደነበረበት ተመለሰ።

«ምንም አላለም እኮ።»

«ገና አልተያያዘም አባዬ። አሁን የምታየው መልኩን ነው። ሥራውን የሚሠራው ኮድ ያለው ሌላ ቦታ፣ ሰርቨር የሚባል ማሽን ላይ ነው። ቁልፉን ስትጫነው ስሙን ይዞ ወደዚያ መሄድ አለበት። ሰርቨሩ ተቀብሎ ለአባላቱ ስልክ መልእክት ይልካል።»

«እንግዲያ ቁልፉ ለብቻው ከንቱ ነው በይኛ።»

«እስካያይዘው ድረስ፣ አዎ።»

ማያያዙ ከመልኩ ይበልጥ አስቸገረኝ። ሰርቨሩ ላይ ሁለት በር አበጀሁ። አንዱ የሙከራ ነው፤ በሱ በኩል የሚገባ መልእክት ወደ እኔና ወደ አባቴ ስልክ ብቻ ይሄዳል። ሁለተኛው የእውነቱ ነው፤ ወደ አባላቱ ሁሉ ይልካል። የአባላቱን ስልክ አባቴ እያነበበልኝ አስገብቼ ጨርሻለሁ። ቁልፉን ግን ከሙከራው በር ጋር አስሬ ስጫነው ስልኬ አይጮህም። ገጹም ዝም ነው። አስተካክላለሁ፣ እጫናለሁ፣ ዝም።

የኅዳር ወር ነበር። አባቴ ለዘመድ ሽምግልና ሰላ ድንጋይ ሄዷል፤ በሚመጣው እሑድ ገጹን ለአባላቱ ሊያሳያቸው ቃል ገብቶ ነው የሄደው። ውርጩ ገና ከሣሩ ላይ ሳይለቅ ኮምፒውተሬን ይዤ በረንዳው ላይ፣ ፀሐይ የሚያርፍበት ቦታ ተቀመጥኩ። እትዬ ወንፊት ሊዋሱ ከአጥሩ ባሻገር ብቅ አሉ።

«ዛሬም እምቢ አለሽ?»

«እምቢ አለኝ እትዬ።»

«ትንሽ ተይው። ነገር ሲነካኩት ይብሳል። ፊትሽ ገርጥቷል፤ ቁርስ በልተሻል?»

«በልቻለሁ» አልኩ። አልበላሁም ነበር። ወንፊቱን በአጥሩ ላይ አቀበልኳቸው፤ መርቀውኝ ገቡ።

ተመልሼ ስቀመጥ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። እስከዚያ ሰዓት በስም ሳጥኑ ውስጥ የምጽፈው የማይረባ ፊደል ነበር፤ ሀሀሀ፣ ለለለ። ምናልባት ኮዱ የማይቀበለው የሰው ስም ስላልሆነ ይሆናል፣ የአባት ስም ያለው ሙሉ ስም ልስጠው አልኩ። የእትዬ ድምፅ ገና ከጆሮዬ አልወጣም። የእሳቸውን ስም ከነአባታቸው ጻፍኩ። የቀብር ቦታ፣ አጥቢያችን ቤተ ክርስቲያን። ሰዓት፣ ዘጠኝ። ተጫንኩ። ዝም አለ።

ያኔ ጥፋቱ ከቁልፉ ይሁን ከበሩ ለመለየት ቁልፉን ከሙከራው በር ፈትቼ ከእውነቱ በር ጋር አሰርኩት። ማሰብ የነበረብኝን አላሰብኩም። ያሰብኩት ይህ ግትር ቁልፍ አንዴ ቢንቀሳቀስልኝ ብቻ ነው። ተጫንኩት። ገጹ ዝም አለ። እንደገና ተጫንኩት። አሁንም ዝም። ተስፋ ቆርጬ ቁልፉን ወደ ሙከራው በር መለስኩና ኮምፒውተሩን ዘግቼ ምሳ ላሞቅ ገባሁ።

በኋላ እንደተረዳሁት ቁልፉ ድሮውንም ደህና ነበር። የተበላሸው የሙከራው በር ነው፤ አድራሻው ላይ አንድ ፊደል ተሳስቼ ነበር። የእውነቱን በር ግን በትክክል ጽፌዋለሁ፤ እኔ የእድሩ አባል ስላልሆንኩ ስልኬ አልጮኸም እንጂ። ገጹ ዝም ያለኝ «ተልኳል» ብሎ የሚመልሰውን ክፍል ገና ስላልጻፍኩለት ነው። ዝም ያለ ሁሉ ያልሰማ መስሎኝ።

ወጡ ሳይሞቅ ጥሩንባ ሰማሁ። እንደ ሰፈሩ ሰው ሁሉ ወደ ደጅ ወጣሁ። እትዬም ወጥተዋል፤ እጃቸው ዱቄት ነው። ነጠላቸውን እያዘቀዘቁ «ማን ይሆን?» አሉኝ።

«እንጃ።»

«የላይኛው መንገድ ሽማግሌ ታመው ሰንብተዋል ብለውኝ ነበር። እሳቸው ይሆናሉ» ብለው ከንፈራቸውን መጠጡ።

ጥሩንባ ነፊው ገና ከመታጠፊያው ወዲያ ነበር፤ ድምፁ ብቻ ይሰማል። ነፋና ቆመ። ስም ጠራ። የእትዬን ስም፣ ከነአባታቸው። ቀጥሎም «ቀብር በአጥቢያችን ቤተ ክርስቲያን፣ በዘጠኝ ሰዓት» አለ። በረንዳው ላይ ተቀምጬ የጻፍኩት ቃል በሌላ ሰው አፍ፣ በመንገድ ላይ ሲጮህ ሰማሁት። የበሩን መቃን ያዝኩ።

እትዬ ወደኔ ዞሩ። «ሞክሼ አለችኝ እንዴ በዚህ ሰፈር?» አሉ፣ በእውነት ለማወቅ ፈልገው።

መልስ ከመስጠቴ በፊት ጥሩንባ ነፊው ታጥፎ ብቅ አለ። ሊነፋ ጥሩንባውን ወደ አፉ አስጠግቶ ሳለ ሟቿ ደጃቸው ላይ ቆመው አያቸው። ጥሩንባውን ዝቅ አደረገ። ሰውየው በዚያ ሥራ ብዙ ዘመን ቆይቷል፤ እንዲህ ያለ ነገር ግን አልገጠመውም።

«እትዬ» አለ ቀስ ብሎ፣ «በስልኬ ነው የመጣው። ደጋግሞ መጣ። ከዳኛው የተላከ መስሎኝ ነው።» ስልኩን አውጥቶ ዘረጋላቸው። ያለ መነጽር ማንበብ ስለማይችሉ ተቀብለው ለኔ ሰጡኝ።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «እኔ ነኝ የላክሁት። ሙከራ ነበር።»

እትዬ ብዙ ጊዜ አዩኝ። «እኔን ነው የሞከርሽው?» አሉ።

ከዚያ በኋላ ሰው መድረስ ጀመረ። ከታች በኩል ሴቶች እያለቀሱ መጡ፤ ከላይ ጎልማሶች የእድሩን ድንኳን ከነምሰሶው ተሸክመው መጡ። እኔ ከአንዱ ወደ አንዱ እየሮጥኩ «አሉ፣ በሕይወት አሉ፣ ስህተት ነው» እላለሁ። አንዲት የእናቴ ጓደኛ ክንዴን ይዘው «አይዞሽ ልጄ፣ አንቺም እናት ነው ያጣሽው» ብለው አቀፉኝ፤ ከሐዘን ብዛት የምቀባጥር መስሏቸው ነው። እትዬ ራሳቸው በር ላይ ወጥተው መቆም ግድ ሆነባቸው። ቆመውም ለእያንዳንዱ አልቃሽ «አለሁ፣ አለሁ» ይሉ ነበር። አንዳንዷ ስታያቸው ይበልጥ ትጮሃለች።

ጥሩንባ ነፊው እንደገና ሊዞር ሄደ። ድምፁን ከሩቅ ሰማሁት፤ «በሕይወት አሉ፣ ስህተት ነው፣ በሕይወት አሉ።» እኔስ በዚያው ቁልፍ ማረሚያ መላክ አልችልም ነበር? መልእክቱ ራሱ «አርፈዋል» ብሎ እንዲያልቅ አድርጌ ነው የሠራሁት፤ ሌላ ነገር ለመላክ ኮዱን ከፍቼ መለወጥ ነበረብኝ። ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። የተላከበትን ቦታ አየሁ፤ ለሁሉም ደርሷል። አሁንም ተሳስቼ ሌላ ሰው ብገድልስ ብዬ ዘጋሁት። በዚህ ፈንታ ጎረቤቶች ስልካቸውን አውጥተው ሩቅ ወዳሉት መደወል ጀመሩ፤ አንተ ለዚህ፣ አንቺ ለዚያ እየተባባሉ።

የእትዬ ልጅ በዚያን ጊዜ ደብረ ሲና ነበር። መልእክቱ የደረሰው መኪናውን አቁሞ ምሳ ሲበላ ነው። ቶሎ ደወልንለት፤ አላመነም። እናትህ ደህና ናቸው ስንለው «እንደዚህ ነው የሚባለው» አለ። እውነቱን ነው፤ በአገራችን መንገደኛ በመንገድ እንዳይወድቅ እስኪደርስ ድረስ «ትንሽ አሟት ነው፣ ደህና ናት» ይባላል። ደህና ናት ማለት እኮ ሞታለች ማለት ሆኖ ቀርቷል። እትዬ ስልኩን ተቀብለው ሲያናግሩት ደግሞ መስመሩ ተቆረጠ። መኪናውን ከነጭነቱ ለጓደኛው አደራ ብሎ፣ በሚኒባስ ዳገቱን ወጥቶ መጣ። እናቱን ሰው መሐል ተቀምጠው ሲያያቸው አልጮኸም። እግራቸው ሥር ተቀመጠና ፊቱን በቀሚሳቸው ሸፈነ። ትልቅ ሰው ነው፤ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር። ቀና ሲል «ማን ነው የላከው?» ብሎ ጠየቀ። ሁሉም ወደኔ አየ። እሱም አየኝ። ሊናገር አፉን ከፈተና ተወው። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ጎረቤቶች ለለቅሶው የጣዱት ንፍሮ በሰለ። መጣሉ ነውር ነው ተባለና እንግዳው ሁሉ ተቀምጦ የእትዬን ንፍሮ እትዬ ቤት በላ። ቀስ በቀስ ሳቅ መጣ። እትዬም እየሳቁ «ጨው በዝቶበታል፤ እውነተኛው ጊዜ ላይ አስተካክሉት» አሉ። ግን እኔ አጠገባቸው ስለነበርኩ አየሁ፤ እየሳቁ ዓይናቸው የግቢውን በር ይጠብቃል። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ፤ የቀብራቸው ሰዓት። በሩ ሲንኳኳ ቀና ይላሉ፤ የገባውን ያዩና መልሰው ከሰው ጋር ይስቃሉ።

አመሻሽ ላይ ሰው ተበተነ። ልጃቸው ድንኳኑን ለመመለስ ከጎልማሶቹ ጋር ወጣ። ዕቃ ላጥብ ቀርቼ ነበር። እትዬ ከኋላዬ መጥተው ቆሙ።

«ያ መልእክት» አሉ፣ «አንኮበርም ይደርሳል?»

«ይደርሳል እንጂ» አልኩ። «ሰርቨሩ ላይ አይቻለሁ። ለሁሉም ደርሷል፣ አንድም የቀረ የለም።»

ያልኩት እንዲህ ነው። ቀኑን ሙሉ ካጠፋሁት ሁሉ አንድ ነገር መሥራቱን ስጠየቅ፣ የእጄ ሥራ እንዲመሰገን በሚፈልግ ሰው ድምፅ መለስኩ። ዞሬ ፊታቸውን ሳይ ምን እንደጠየቁኝ ገባኝ። ከአንኮበር እዚህ ሩቅ አይደለም። ወንድማቸው እህትህ ሞታለች የሚል ቃል ከቀትር ጀምሮ በኪሳቸው ይዘው አልመጡም።

«መድረሱ ማየታቸው አይደለም እትዬ። ስልካቸውን ሳያዩት ይሆናል። ደግሞ መንገዱም በዚህ ሰሞን...»

«ሚኒባሱ ከሰዓት በኋላ መጥቷል። ረዳቱ እዚህ ንፍሮ በልቶ ነው የሄደው» አሉ። ቀጥለውም «ተይው» አሉኝ።

ልጃቸው ተመልሶ ሲመጣ ለአጎቱ ማንም እንዳልደወለ ታወቀ፤ ሁሉም ሌላው የደወለ መስሎት ነበር። ወጥቶ ደወለና ተመለሰ። «ሰምቶ ነበር» አለ። «ስህተት ነው ስለው፣ እግዚአብሔር ይመስገን አለ።» እትዬ «እሺ» አሉ።

አባቴ በማግስቱ ገባ። ከሰላ ድንጋይ ወጥቶ ዋናው መንገድ ላይ ሲደርስ ስልኩ ኔትወርክ አግኝቶ መልእክቶቹ በተከታታይ ገቡለት፤ አውቶቡስ ውስጥ አልቅሶ ነው የመጣው። እትዬን ደጃቸውን ሲጠርጉ አገኛቸው። ቤት ገብቶ ነገሩን ሁሉ ከኔ ሲሰማ አልተቆጣም። «ካፍ ከወጣ አፋፍ» ብቻ አለ። ሁለት ሽማግሌዎች ይዞ ወደ እትዬ ወሰደኝ፤ እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል በብብቴ ይዘው አነሱኝ። «እኔ ልጄን አልቀየምም» አሉ። እሑድ በእድሩ ስብሰባ ላይ ደግሞ ነገሩ ቀልድ ሆነ። እትዬ ከሞት ተነስተው መዋጮ ሊከፍሉ መጡ ተባለ፤ ሁሉም ሳቀ። ቅጣት ይኖራል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። ማንም ምንም አላለኝም። ይቅርታው እንደዚያ በሽ በሽ ሲሆን የት እንደማስቀምጠው አጣሁ።

እናቴ አዲስ አበባ ሆስፒታል ስታርፍ መርዶዋን ያረዱኝ እትዬ ነበሩ። የሞተችው ቀን ላይ ነው፤ እትዬ ግን እኔ እንዳልሰማ ሰፈሩን ሁሉ ዝም አሰኝተው አደሩ። ማታ ራሳቸው እራት አበሉኝ፤ አጥግበው። ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎችና የእናቴን ጓደኞች አስከትለው ገቡና ማንም ከመናገሩ በፊት አቀፉኝ። ቃሉን የሰማሁት በእቅፋቸው ውስጥ ሆኜ ነው። ብወድቅ የሚይዘኝ ክንድ ቀድሞ መጥቶ ነበር። ይህን ሳስታውስ ለልጃቸው በምሳ ገበታ ላይ፣ ለወንድማቸው ማሳ ላይ የላክሁትን አጭር ጽሑፍ አስባለሁ።

በሳምንቱ ለማንም ሳልናገር አንኮበር ሄድኩ። ጉም ወርዶ ከመንገዱ ዳር ያለው ገደል አይታይም ነበር። ቤታቸውን ጠይቄ አገኘሁት፤ ሰውየው አውድማቸው ላይ ገብስ ያበራያሉ። ማን እንደሆንኩ ስነግራቸው በሬዎቹን አቁመው ወደ ቤት አስገቡኝ። ባለቤታቸው ጠላ ቀዱልኝ። መልእክቱን የላክሁት እኔ ነኝ፣ ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁት አልኩ።

«ደርሶኛል» አሉ። «የሠፈር ልጅ አነበበልኝ። ከማሳ ገብቼ ታጠብኩ፤ ልብሴን ለወጥኩ። እዚህ መደብ ላይ ተቀመጥኩ።»

«ለመምጣት?»

«ለመጠበቅ። መርዶ ሰው ነው የሚያመጣው። እህቴ ሞታ ቢሆን ሽማግሌ ይመጣልኝ ነበር። እስኪመጡ ጠበቅሁ። ሲመሽ የእህቴ ልጅ ደወለ፤ ልብሴን አወለቅሁ።»

ከዚያ ወደ መሬት እያዩ «ደግሞ ብነሳ እውነት የሚሆን መሰለኝ» አሉ።

ይህን ለእትዬ እንደምነግራቸው ስናገር ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እሺ ይሁን እንቢ ለይቼ አላወቅሁም። ባለቤታቸው እስከ መንገዱ ሸኙኝ። ሚኒባሱን እየጠበቅን ሳለ፣ ሳልጠይቃቸው፣ «ያለሽ ሐሰት አይደለም» አሉኝ። «ግን አምና እህትየው ታማ ተኝታ ሳለ አልጠየቃትም። ዛሬ ነገ ሲል ቀረ። ታዲያ በምን ፊቱ ቆሞ ያለቅሳል? አፍሮ ነው የተቀመጠው። እኔ ሂድ ብዬው ነበር።»

መንገዱን ሙሉ የትኛውን ልንገራቸው እያልኩ መጣሁ። ሁለቱም እውነት ሊሆን ይችላል። እትዬን በአጥሩ በኩል ጠርቼ የሰማሁትን የመጀመሪያውን ብቻ ነገርኳቸው፤ ልብስ ለውጠው ሽማግሌ ሲጠብቁ መዋላቸውን፣ ብነሳ እውነት ይሆናል ማለታቸውን። ስለ ሕመሙ የተባለውን ተውኩት። ያም ራሱ ይከብደኛል፤ ባለፈው ጊዜ ያልተጠየቅሁትን ተናገርኩ፣ አሁን ደግሞ የሰማሁትን ደበቅሁ።

እትዬ እስክጨርስ ሰሙኝ። «አንኮበር ድረስ ሄድሽ?» አሉ መጀመሪያ። «በዚህ ብርድ?» ከዚያ አጥሩን በመዳፋቸው እየዳበሱ «ልብሱን ለወጠ አልሽኝ» አሉ። «አዎ።» «ነጩን?» «አልጠየቅሁም።» «ሳትጠይቂ» አሉ፣ ለራሳቸው ያህል፤ ገቡ።

ወንድማቸው ለገና መጡ፣ በግ ይዘው። በአጥሩ በኩል ድምፃቸውን እሰማ ነበር። ስለ ገብሱ አወሩ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ አንድ የቆየ የመሬት ጎረቤት። ስለዚያ ቀን ያነሳ የለም። ሲሄዱ እትዬ እስከ ዋናው መንገድ ሸኟቸው፤ ይህን ቀድሞ ያደርጉት እንደሆነ አላውቅም። እኔ ያን ቁልፍ ባልጫን ኖሮ እህት ወንድሟ ሞቷን ሰምቶ እንዳልመጣ የምታውቅበት ቀን አይኖርም ነበር። ወንድምየውም እህቱ ይህን እንደምታውቅ ሳያውቅ ይኖር ነበር። ሰዎች ከቅያሜያቸው ጋር ተቻችለው ይኖራሉ፤ እኔ መጥቼ ገለጥኩት።

ገጹን ልሰርዘው ብዬ ለአባቴ ነግሬው ነበር። እድሩ እንቢ አለ። ሩቅ ላሉት ያስፈልጋል ተባለ፤ ግን ደንብ ወጣለት። ቁልፉ ሲጫኑት ወዲያው አይልክም፤ ዳኛውና ጸሐፊው ሁለቱም አይተው አዎ ሲሉ ብቻ ነው። ሰፈር ውስጥ ላለው ጥሩንባው ይበቃል። ለቅርብ ቤተሰብ ደግሞ ሰው ሄዶ አርድቶ ሳይጨርስ መልእክት አይወጣም። ይህንን ሁሉ ሰርቨሩ ላይ ጻፍኩ። ከዚያ ወዲህ በእውነት ለሞቱ ሰዎች ሠርቷል። ሰዎች ከአዲስ አበባ ለቀብር ደርሰዋል፤ አባቴን አመስግነዋል።

ጾሙ ሲገባ አንድ ቀን እትዬ በአጥሩ በኩል ጠሩኝ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነበር።

«ያ ነገርሽ ሰው ለይቶ ይልካል?»

«ምን ማለት?»

«የኔ ጊዜ ሲመጣ ለወንድሜ በዚያ እንዳይደርሰው። ደንቡን ያወጡት ሰዎች ዛሬ አሉ፣ ነገ የሉም፤ ይረሳል። አንቺ አድርጊው። ሰው ይሂድለት፤ ሁለት ሦስት ሆነው። ጠዋት ይሂዱ፤ በልቶ ይሁን። ብቻውን እንዳይሆን።»

«እሺ እትዬ።»

«እዚያው ጻፊው አሁን።»

ገብቼ ጻፍኩት። አጭር ነገር ነው፤ የሟች ስም ይህ ከሆነ ወደዚህ ቁጥር አትላክ የሚል። በሥራችን የጻፍነውን ሁሉ ሳንሞክር አንተውም፤ ያልተሞከረ ኮድ እንዳልተጻፈ ነው ብለን ነው የተማርነው። ይህን ለመሞከር ግን ስማቸውን እንደገና በሟች ሳጥን ውስጥ መጻፍ አለብኝ። አሁን የሙከራው በር ተስተካክሏል፣ መልእክቱ ከኔና ከአባቴ ስልክ አያልፍም፣ ማንንም አይጎዳም። ይህን አውቃለሁ። ብዙ ጊዜ ገጹን ከፍቼ ተቀምጫለሁ። እስካሁን አልሞከርኩትም።